በቃጫ የታሰረ ብሎን

መገርሳን እጠላው ነበር። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ አደጋ ነው ይላል፣ የእግዜር ቁጣ ነው ይላል፣ ጭቃው ነው ይላል። ጥላቻውን የሚያነሳ ግን የለም። ለእኔ ለኩመራ አዝነው፣ ስሜን ላለማጉደፍ ብለው መሆኑ ነው። ማዘናቸውን አልፈልገውም።

የጠላሁት በከንቱ አልነበረም። በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ገባ የሚባለው ወንዝ ድልድይ ሲጠገን ሁለታችንም የመንገድ ሥራ ተቀጣሪዎች ነበርን። እሱ የብረት ገመዱን ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል፣ እኔ የሚወርደውን ብረት ተቀብዬ ቦታው ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን ሳላዘው ለቀቀ። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች እዚያው ብረቱ ሥር ቀሩ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። «ጥፋቴ ነው» ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ደረቱን ነፍቶ «እጁን የማይገባበት ቦታ ያስገባው ራሱ ነው» አለ። ደሜ ፈላ። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ፣ «ጥፋቱን በአፉ እስኪያምን ድረስ ከዚህ ሰው ጋር ቃል ብለዋወጥ ማርያም ትፍረድብኝ» ብዬ ማልኩ።

መቼም ጠላት እንደ ሌላው ሰው ጠላት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሸሽቶት መኖር ይቻላል። መገርሳ ግን የታናሽ እህቴ የዓያንቱ ባል ነው። ክርስትና ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ዓመት በዓል ላይ ከፊቴ ተቀምጦ ያላምጣል። ሲስቅ ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሰማል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልሰጠሁትም። የግድ የሚባል ነገር ሲመጣ በዲንቃ በኩል ነው።

በእኛ አገር ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም። የተኳረፉ ሰዎች መሐላቸው እስኪፈታ ድረስ በመካከላቸው ሰው ያቆማሉ፤ በሬ ሲዋዋሱም፣ መርዶ ሲነጋገሩም ያ ሰው እየተመላለሰ ያደርሳል። የእኛ ሰው ዲንቃ ነበር። የሁለታችንም አብሮ አደግ ነው። መቱ ገበያ ላይ ገመድ ይሸጣል፤ ቃጫ ይፈትላል፣ መጫኛ ይገምዳል። ከሲታ ነው፣ ሲራመድ እንኳ መሬቱን ይቅርታ እየጠየቀ ይመስላል። ሰው ሁሉ «ዲንቃ የደረሰበት ነገር ይበርዳል» እያለ ይመርቀዋል። እኔ ለራሴ ቅቤ አንጓች እለው ነበር፤ ግን ያለ እሱ አልኖርም።

በሃምሳ ሦስት ጥቅምት ላይ አቶ ገብረ መድኅን አስጠሩኝ። የቡና ነጋዴ ናቸው፤ አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ፣ እሳቸው ግን ኦሮምኛውን ከእኔ አሳምረው የሚናገሩ። ከአዲስ አበባ የቡና መፈልፈያ ማሽን አስመጥተዋል። በጅማ፣ በበደሌ በኩል በጭነት መኪና እየመጣ ነው። ሃያ ኩንታል ይመዝናል። የያዮና የዳሪሙ ቡና ከመግባቱ በፊት ከመኪናው ወርዶ፣ በሲሚንቶ በተሠራለት መሠረት ላይ መቀመጥ አለበት።

«ፓራንኮ አለህ አይደል?» አሉኝ። ፓራንኮ ማለት በሰንሰለት እየተጎተተ ከባድ ዕቃ የሚያነሳው ብረት ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን አንዱን ጠግኜ ይዤ ነበር።

«አለኝ።»

«እንግዲህ አንተና መገርሳ ታወርዱታላችሁ።»

«ያንን ሰውዬ ከየት አመጡት?»

«በዚህ አውራጃ ይህን ሥራ የሚያውቅ ከእናንተ ከሁለታችሁ ሌላ ማን አለ? ኩርፊያችሁን እቤታችሁ አድርጉት። ማሽኔ ላይ እንዳታደርጉት።»

ለመሄድ ብድግ ብዬ ነበር። ግን ሌላ ያልተማረ ሰው ጠርተው ማሽኑን በመጫኛ ሲያስጎትቱት ታየኝና ተመለስኩ። ዲንቃ በመካከላችን የሚቆም ከሆነ እሺ አልኩ። አቶ ገብረ መድኅን ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ከሥራው በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዓያንቱ መጣች። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሦስተኛዋ ነው። በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት እምቢ አለች።

«ኦቦ ኮ» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ታረቀው አልልህም። አራት ዓመት ብዬ ብዬ ደክሞኛል።»

«ታዲያ ምን ልትዪ መጣሽ?»

«ነገ ሰንሰለቱን የምትይዘው አንተ ነህ። እሱ ከብረቱ ሥር ነው የሚሆነው። በሁለት እግሩ ወደ ቤቴ መልሰው። ሌላ አልፈልግም።»

«እኔ ሥራዬ ላይ ጥላቻ አላመጣም» አልኳት፤ ተቆጥቼ። እንዴት ትጠራጠረኛለች ብዬ። «የእሱን ሥራ ብትጠይቂ ነው የሚሻልሽ። በሁለት እግሩ ይመጣልሻል።»

«ቃል?»

«ቃሌ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት አቶ ገብረ መድኅን ወፍጮ ቤት ግቢ ስደርስ መኪናው የሲሚንቶውን መሠረት በጎማዎቹ መካከል አድርጎ ቆሟል። ሌሊቱን ዘንቦ ግቢው ጭቃ ሆኗል። ሦስት ረጃጅም ግንዶች አቁመን አናታቸውን አሰርን፤ እግሮቻቸው እንዳይንሸራተቱ ጉድጓድ ቆፍረን ድንጋይ አስደገፍናቸው። ፓራንኮውን አናቱ ላይ ሰቀልኩት። ይህን ሁሉ ስንሠራ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እሱ ድንጋይ ሲፈልግ ለዲንቃ ይነግራል፣ ዲንቃ ለእኔ ይነግራል፣ እኔ ለሹፌሩ። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች እርስ በርስ እየተጠቃቀሱ ይስቁብናል። ይሳቁ አልኩ።

ማሽኑ ግራና ቀኝ ጆሮ አለው። በየጆሮው የብረት ገመዱ ጫፍ በማያያዣ ይታሰራል። ማያያዣው የፈረስ ኮቴ የሚመስል ወፍራም ብረት ነው፤ አፉ በሚጠመዘዝ ብሎን ይዘጋል። ብሎኑ ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው። በዚያች ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ገብቶ ካልታሰረ፣ ጭነቱ ሲወዛወዝ ገመዱ ብሎኑን ያሸዋል፤ ብሎኑ ማንም ሳይነካው እየተፈታ ይወጣል። ድልድዩ ላይ ይህን ያስተማረን ፎርማን ሽቦ ሳያስር የተገኘን ሰው ያን ቀን አያሠራውም ነበር። ደግሞም ሥራ ላይ የሚያዝ አንድ አፍ ብቻ ነው፣ «ቁም» ማለት ግን የሁሉም ሰው መብት ነው ይል ነበር። ከሁሉ በላይ የሚደጋግመው ግን፣ የሚያነሳው ሰው የሚያነሳበትን ብረት አንድ በአንድ በራሱ እጅ ነክቶ ይይ የሚለውን ነው። ዓይን ይዋሻል ይል ነበር፤ በእጅህ ንካ።

ነካሁ። መንጠቆውን ነካሁ፣ ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት በመዳፌ አሳለፍኩ። በእኔ በኩል ያለውን ብሎን በጉጠት አጥብቄ ሽቦ አሰርኩለት። የቀረው የወዲያኛው ጆሮ ነው። እሱን ያሰረው መገርሳ ነው። ከእኔ እስከዚያ አሥር እርምጃ አይሞላም። ከቆምኩበት ሆኜ ሳይ ብሎኑ ገብቷል፤ ሽቦ ግን የለውም።

አሥር እርምጃ ሄጄ ማሰር ነበረብኝ። መገርሳ ግን ክንዱን ማሽኑ ጆሮ ላይ አስደግፎ እዚያው ቆሟል። ሰው አጠገብ ደርሶ ሰላም ሳይሉ መመለስ ከስድብ ይከፋል። ሰላም ካልኩት ደግሞ መሐላዬ ፈረሰ፤ አራት ዓመት የታገሥኩት ገደል ገባ። እግሬን አልነቀልኩም።

«ዲንቃ» አልኩ።

«አቤት።»

«ሂድና ለዚያ ደንቆሮ ንገረው። ብሎኑን ሽቦ አላሰረበትም። የእኔን ጣቶች በልተህ አልጠገብክም ወይ በለው። ሳያስር ብረቱን እንዳይነካ።»

ዲንቃ ፊቱ ጭፍግግ አለ። «ልክ እንደዚህ ልበለው?»

«ልክ እንደዚህ።»

ሄደ። ሁለቱ ሲነጋገሩ አየሁ። መገርሳ ስድብ እንደ ሰማ ሰው አልተቆጣም። ይባስ ብሎ ፈገግ አለ፤ ወደ እኔ ዞሮ ባርኔጣውን ከራሱ አንስቶ እጅ ነሳኝ። ይቀልድብኛል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ፊቴን አዞርኩበት። ዲንቃ ተመለሰ።

«ምን አለ?»

«እሺ ብሏል።»

«እሺ ማለት ምንድን ነው? ሽቦውን ይሰር።»

«ይታሰራል፣ ይታሰራል። አንተ ደግሞ ውሃ ቀጠነ አትበል።»

መገርሳ ከሹፌሩ ጋር ሊነጋገር ወደ መኪናው ፊት ሄደ። ያኔም መሄድ እችል ነበር፤ ጆሮው አጠገብ ማንም አልነበረም። ግን የእሱን ሥራ ተከትዬ የምጨርስለት አሽከሩ ነኝ እንዴ አልኩ በልቤ። ሰንሰለቱን ዘይት ስቀባ ቆየሁ። ቀና ስል ዲንቃ ከማሽኑ ጆሮ ዘንድ እጁን እያራገፈ ሲመጣ አየሁ። ብሎኑ ላይ የታሰረ ነገር አለ፤ ነጣ ያለ፣ የተጠመዘዘ።

«ታሰረ?»

«ታስሯል» አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ።

ሽቦ ነው ብዬ ወሰድኩት። በዓይኔ አይቼ ወሰድኩት።

ማንሳት ጀመርን። ሰንሰለቱን ስስብ ገመዱ ተወጠረ፣ ማሽኑ ከመኪናው ወለል ተነሳ። አንድ ክንድ ያህል ከፍ ሲል አቆምኩት፤ ግንዶቹ ጸኑ፣ ምንም አልተንቋቋም። መኪናው ከሥሩ ወጣ። ሃያ ኩንታል ብረት በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። መገርሳ ጎኑን በእጁ እየገፋ ከመሠረቱ አቅጣጫ ጋር ያስተካክለዋል። ጎበዝ ነው። ብጠላውም እላለሁ፤ ብረት ያውቃል። አቶ ገብረ መድኅን ከሠራተኞቹ ጋር ራቅ ብለው ቆመዋል። ዲንቃ በመካከላችን ነው።

«ዝቅ ይበል» ይላል መገርሳ።

«ዝቅ ይበል አለ» ይላል ዲንቃ።

ዝቅ አደርጋለሁ። እንዲህ እያልን ከመሠረቱ በላይ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ አወረድነው። ከሲሚንቶው የወጡት አራት ብሎኖች ከማሽኑ እግር ቀዳዳዎች ጋር እንዲገጥሙ መገርሳ በርከክ አለ። ቀኝ እግሩን ከማሽኑ ሥር አሳልፎ፣ ትከሻውን አስደግፎ ይገፋል። በዚህ ጊዜ ነው የወዲያኛው ጆሮ በማሽኑ መዞር ወደ እኔ የመጣው። ቅርብ ሆነ። ብሎኑ ላይ የታሰረው ነገር አንዱ ጫፉ ተበጥሶ ሲንጠለጠል አየሁ። ሽቦ አይንጠለጠልም። ቃጫ ነበር፤ የዲንቃ ቃጫ፣ አህያ ላይ እህል የሚያስርበት። ብሎኑ ደግሞ ግማሹን ወጥቷል።

ሰንሰለቱን ያዝኩት። ማቆም ብቻ አይበቃም፤ ሰውዬው መውጣት አለበት። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ዲንቃ!» የሚል ነው። አራት ዓመት የለመደ ምላስ ነው፤ በደረሰበት ሄደ። ዲንቃ ወደ እኔ ዞረ፣ ቃሉን ሊቀበል አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ።

«ንገረው…» አልኩ። ከዚያ መሐላውንም ማርያምንም ትቼ ጮህኩ። «መገርሳ! ውጣ!»

ቢወጣ ይደርስ ነበር። እስከ ዛሬ በልቤ እለካዋለሁ፤ ይደርስ ነበር። መገርሳ ግን ድምፄን ሲሰማ ቀና አለ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ደስ ብሎት ነበር። ሰው ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወንድሙን ሲያይ እንደሚያበራው ፊቱ በራ፣ እግሩን ከብረቱ ሥር እንዳደረገ ፈገግ ብሎ አየኝ። ብሎኑ ወጣ። ማሽኑ በአንድ ጆሮው ቀርቶ በሌላው ጎኑ ወደቀ።

ጩኸቱን አላወራውም። ጎማ ማንሻ ክሪክ አስገብተን ብረቱን ከእግሩ ላይ እስክናነሳ ድረስ አጠገቡ ተንበርክኬ ራሱን ይዤ ነበር። ኮሌታዬን ጨምድዶ ይዞኛል። አቶ ገብረ መድኅን መጥተው መጀመሪያ ያዩት የማሽኑን ጎን ነው፤ ተሰንጥቆ እንደሆነ በእጃቸው ዳሰሱት። ዞር በል ብዬ አንተ አልኳቸው፤ እሳቸውን። ማንም አልገሠጸኝም።

«ጠራኸኝ» አለኝ መገርሳ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ኩመራ ጠራኸኝ።»

«ዝም በል። አትናገር።»

«ጠዋት ሥራህ ደስ ብሎኛል ስትለኝ… ዛሬ እንታረቃለን ብዬ ነበር። በልቤ።»

ምን እንደሚል አልገባኝም። ሕመሙ ያስቃዠዋል አልኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ዲንቃን አየሁት። ዲንቃ መሬት መሬት ያያል።

በቃሬዛ ክሊኒክ አደረስነው። ዓያንቱ መጣች፤ ሰው ይዟት ገባች፤ እኔን አልፋኝ ነው የገባችው። የክሊኒኩ ቁስል አካሚ ድሬሰሩ ወጥቶ ከጉልበት በታች ያለው አይተርፍም አለ። ያኔ ዲንቃን በጋቢው ይዤ ወደ ግቢው ጀርባ ወሰድኩት። ብሎኑ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ቃጫው ገና እንደ ተጠመጠመበት ነው። አውጥቼ ፊቱ ላይ ያዝኩት።

«ጠዋት ምን ብለህ ነገርከው?»

«ኩመራ…»

«ምን ብለህ ነገርከው?»

«ሥራህን አይቶ ደስ ብሎታል አልኩት።» ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «በለው ያልከኝን እንዴት እለዋለሁ? ጣቶቼን በልተህ አልጠገብክም ልበለው? እዚያው ትገዳደሉ ነበር። ሽቦውን እኔ ራሴ አስርለታለሁ፣ ማንም ሳይቀየም ያልቃል ብዬ ነው። ሽቦ አጣሁ። ቃጫ ያዝኩ። ሦስት ዙር አሰርኩት፤ አህያ ሙሉ ጭነት የሚይዝ ቃጫ ነው።»

በጥፊ አልኩት። አብሮ አደጌን፣ በእድሜው ማንንም ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው። አልተከላከለም።

«ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገሃል?»

«ምን?»

«ቃሌን ስንት ጊዜ ቀይረሃል?»

ፊቱን ከብሎኑ ላይ አዞረ። ሁልጊዜ ማለት ነው። ጎትቼ ጎትቼ አወጣሁት። እኔ «ያ ሌባ» ብዬ ስልከው እሱ «ኩመራ ሰላም ብሎሃል» እያለ ነው ያደረሰው። አራት ዓመት ሙሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ መገርሳ ራሱ መጥቶ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ?» ብሎት ነበር። ዲንቃ ደግሞ፣ «ምን አስቸኮለህ? ይቅር ብሎሃል፤ መሐላው አስሮት እንጂ በልቡ የለም» አለው። ሰውዬው ይቅር የተባለ መስሎት እቤቱ ተቀመጠ። እኔ አንዲት ቃል ስጠብቅ ሦስት ዓመት ነደድኩ፤ ቃሉ ዲንቃ ዘንድ ተቀምጦ ኖሯል።

«ለእርቅ ብዬ ነው» አለ ዲንቃ፣ እያለቀሰ። «ለእርቅ ሲባል ያልተባለውን ተባለ ማለት ነውር ነው እንዴ? ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል። አባቶቻችንም።»

«የአንተ እርቅ እግሩን በላው።»

«አንተስ?» አለኝ። በሕይወቴ ከዲንቃ አፍ የሰማሁት መራራ ቃል ይህ ብቻ ነው። «አሥር እርምጃ ነበር ኩመራ። መጥተህ ብታየው ቃጫ መሆኑን ታውቅ ነበር።»

እጄ ለሁለተኛ ጊዜ ተነስታ በአየር ላይ ቀረች። እውነቱን ነው። ዲንቃን ይበልጥ የጠላሁት ለዚህ ነው።

«ሲነቃ ሁሉንም እነግረዋለሁ» አልኩት። «የአንተንም፣ የእኔንም። እንደወረደ። ከእንግዲህ አንድ ቃል አታጣፍጥም።»

«ንገረው» አለ ዲንቃ፤ ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ነቃ ሰማሁና ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር። ሽቦውን ቀርቤ አላየሁትም፣ ልነካው አልመጣሁም፣ ሰላም ላለማለት ብዬ እግርህን አስቆረጥኩ እለዋለሁ። ልበጥሰውና ልረፍ ብዬ ቆርጬ ነበር። ስገባ ዲንቃ አልጋው ግርጌ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዓያንቱ ከራስጌው ነች፤ ዓይኗ አብጧል። ብርድ ልብሱ በቀኝ በኩል ከጉልበቱ በታች ጠፍጣፋ ነው። ማየት አልፈለግሁም፣ ግን አየሁት።

«ግባ» አለኝ መገርሳ። «አሁንማ ተነጋግረናል፤ መሐላው ፈርሷል።»

«ፈርሷል» አልኩ።

«የገባ ወንዙ ነገር» አለ። «ገመዱን ቀድሜ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ሰው ፊት አፍሬ ነው የካድኩት። ልነግርህ ስመጣ ስመለስ፣ ዲንቃ ይቅር ብሎሃል ሲለኝ ይብስ አፈርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር ኩመራ።»

አራት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ስሰማው ምን ያህል እንደምኩራራ፣ እንዴት ቀና ብዬ እንደምቆም ስንቴ አስቤዋለሁ። ምንም አልተሰማኝም፤ ከበሩ ሮጬ መውጣት ብቻ ነበር የፈለግሁት።

«አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ» አለ መገርሳ። «ከነቃሁ ጀምሮ የማስበው እሱን ነው። ብሎኑ እንዴት ወጣ? በእጄ አጥብቄዋለሁ። ሽቦ አላሰርኩም፣ እጄ ይበቃል ብዬ ነበር። አንተ ግን ሳትነካ አታነሳም፤ አውቅሃለሁ። ነክተኸው ነበር አይደል?»

ዓያንቱ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ውስጥ ምንም ቁጣ አልነበረም፤ መልሱን ብቻ ነው የምትጠብቀው። በመንገድ የደረደርኩት ሁሉ ደረቴ ውስጥ ተከማችቶ ቆመ። አፌን ከፈትኩ።

«ነክቶታል» አለ ዲንቃ።

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። ከበርጩማው ተነስቷል።

«በእጁ ነክቶታል» አለ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «አንተ ሹፌሩ ዘንድ ስትሄድ መጥቶ በጉጠት አጠበቀው፣ ሽቦም አሰረበት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

መገርሳ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ራሱን ትራሱ ላይ መልሶ ጣለ። «እንግዲያው ከእግዜር ነው» አለ። «ሰው አላጠፋም ማለት ነው።»

ዲንቃ አየኝ። አሁን ተናገር ይለኛል በዓይኑ፣ ወይም አትናገር ይለኛል፤ አላወቅሁም። ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ ብሎኑን ጨምድጄ ያዝኩት። አንድ ሁለት ጊዜ ቃል ሊወጣኝ ነበር።

ዓያንቱ ከራስጌው ተነስታ ሆዷን ይዛ መጣች። ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ፊቷ እርጥብ ነበር።

«የቻልከውን አድርገሃል ኦቦ ኮ» አለችኝ። «እግዜር ይስጥህ።»

«አሜን» አልኩ።